አንገቴ ላይ የነበረው ቁልፍ

ሰኞ፣ ግንቦት 4

ሰጠኋት። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንገቴ ላይ ካንጠለጠልኳቸው ሁለት ቁልፎች አንዱን በገዛ እጄ ፈትቼ ሰጠኋት። ያዘዙኝ ባለመጋዘኑ ሐጂ ናቸው። "ጽጌ፣ የጓሮውን በር ቁልፍ ለሐናን ስጫት" አሉኝ፣ ጨው አቀብያት እንደማለት። ክሩ በላብ ተጣብቆ አልፈታ ሲለኝ ልጅቷ በዚያ ባማረ ጥፍሯ ልታግዘኝ ተጠጋች። "ተዪው! እኔ እፈታዋለሁ" አልኳት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፣ ጥበቃው ጋሽ ሙሜ ከበሩ ዞር ብሎ አየኝ።

እዚህ መጋዘን ሐናንን ማን አስገባት? እኔ። የዕቃ ገቢና ወጪ የሚጻፍበትን የቢን ካርድ አሞላል ማን አስተማራት? እኔ። ስትመጣ የውሃ ፓምፕና የጄኔሬተር ልዩነት አታውቅም ነበር። ሁለት ዓመት ከጎኔ ሠራች፣ ከዚያ አዳማ ሄደች፣ ተማረች፣ ትልቅ መጋዘን ውስጥ ሠራች። አሁን ሐጂ በስልክ አባብለው መለሷት። ለምን ቢባል፣ ባለፈው ወር ከኛ ሁለት አጥር ዝቅ ብሎ ያለው መጋዘን በጠራራ ፀሐይ ተዘረፈ። ሰባት ሰዓት ላይ፣ ድሬ ሁሉ ምሳውን በልቶ፣ ጫቱን ይዞ በርጫ በተቀመጠበት ሰዓት። ከዚያ ወዲህ ሐጂ እንቅልፍ የላቸውም።

እኔስ? በአስራ ዘጠኝ ዓመት ከኔ እጅ አንድ ብሎን ጠፍቶ ያውቃል? የጠየቀኝ ሰው የለም።

ይዛ የመጣችው፦ አራት ካሜራ። አንድ ታብሌት። ለጄኔሬተሮቹ ማሰሪያ ሰንሰለት። አንድ ካርቶን ሙሉ ተለጣፊ ወረቀት። ሽቶ። ሽቶውማ መጋዘኑን ሞልቶት የናፍጣ ሽታ አስናፈቀኝ።

ሐጂ ዞር ዞር ብለው አይተው "ማሻአላህ" አሏት። ይቺን ቃል ስንት ዓመት ጠበቅኳት! በአንድ ጠዋት ወሰደችብኝ።

ከመሄዳቸው በፊት ደግሞ ሁለታችንን አቁመው ነገሩን። ለጀልዴሳ መንደር ጉድጓድ የመጣው ሶላር ፓምፕ ቅዳሜ እስኪጫን አብረን እንጠብቅ። እሱ በሰላም ከወጣ በኋላ የዋናውን በር ቁልፍ ማን እንደሚይዝ ይወስናሉ። የዋናውን በር! እሱ ከተወሰደብኝ ምን ቀረኝ? መዝገብ ታቅፋ በር ላይ የምትቆም ሴትዮ ነኝ፣ በቃ።

አሁን አንገቴን በነካሁ ቁጥር አንድ ቁልፍ ብቻ ነው። ቀሎኛል። መቅለሉን ጠላሁት።


ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

ስትለጥፍ ዋለች። መደርደሪያው ላይ፣ ሣጥኑ ላይ፣ በርሜሉ ላይ። ትንሽ ብቀመጥ የኔም ግንባር ላይ ትለጥፍ ነበር። የፓምፑ ሣጥን ላይ በትልቁ "ሶላር ፓምፕ፣ ጀልዴሳ፣ ሙሉ ዕቃ" ብላ ጽፋበታለች። ከበሩ ቆሞ ይነበባል።

"ለሌባ ካርታ እየሠራሽለት ነው" አልኳት።

"እትዬ ጽጌ፣ ምን የት እንዳለ ካወቅን መጥፋቱንም ቶሎ እናውቃለን" አለችኝ፣ በትህትና። ትህትናዋ ነው አንጀቴን የሚያሳርረው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ ለስድብ መልስ አላጣም።

የኔ አጠባበቅ ሌላ ነው። አባቴ የምድር ባቡር መጋዘን ጠባቂ ነበር። ግርግር በመጣ ቁጥር በጣም የሚፈለገውን ዕቃ ማንም ከማይፈልገው ሥር ይቀብረዋል። አዲሱን መለዋወጫ በአሮጌ ጆንያ ይጠቀልልና በራሱ አተሳሰር ሦስቴ አጥፎ አስሮ፣ ከዛገ ብረት መሃል ይከተዋል። ዘራፊ መጥቶ ባዶ እጁን ሲመለስ በዓይኔ አይቻለሁ። እኔም እንደሱ ነኝ። በዚህ መጋዘን የነሐስ መጋጠሚያዎቹ ከተሰባበሩት ሥር ናቸው፣ ደህናው የብየዳ ማሽን ከሞተው ጀርባ ነው። ሁሉም ጭንቅላቴ ውስጥ አለ። ሐናን ሁለት ዓመት ከኔ ጋር ስትሠራ ይህንን አልነገርኳትም። ለምን እንዳልነገርኳት ዛሬ ራሴን ጠየቅኩ፣ መልሱ ደስ አላለኝም።

ረፋድ ላይ ከመጋላ ገበያ ማር የተነከረ ሙሸበክ ገዝታ መጣች። ጋሽ ሙሜ ማሩን ከጣቱ እየላሰ በኦሮምኛ መረቃት፤ በኦሮምኛ "አሜን" አለች። ከጫኞቹ ጋር በሶማሊኛ ትሳሳቃለች። ከሐጂ ጋር በሐረሪኛ ታወራለች። እኔ እዚሁ ድሬ ተወልጄ ሁሉንም እሰማለሁ፤ ስናገር ግን ሰው ይስቅብኛል።

አንድ የከዚራ ሰፈር ደንበኛ ገብቶ አየኝና "ሐናን የለችም?" አለ። አቦ፣ ገና ሁለተኛ ቀኗ ነው!

ሙሸበኩን አልበላሁም። ማለት፣ አንድ ብቻ ነው የበላሁት።

ማታ ለባለቤቴ ለታደሰ አወራሁት። "ቀናሽ እንዴ?" ብሎ ሳቀ። "በምኗ ነው የምቀናባት?" አልኩት። ከዚያ ሳላስበው ዘረዘርኩለት፦ በቋንቋዋ፣ በታብሌቷ፣ በጥፍሯ፣ ጎንበስ ብላ ስትነሳ ወገቧን ስለማትይዝ፣ ሐጂ ስሟን ሲጠሩ ፊታቸው ስለሚፈታ። "እሺ፣ አልቀናሽም" አለኝ። እራቱን ሳላሞቅ ሰጠሁት።


ረቡዕ፣ ግንቦት 6

ሮብሌ መጣ። የጀልዴሳ ሰው ነው፣ የመንደሩ የውሃ ኮሚቴ ሽማግሌ። ከተማ በወረደ ቁጥር ፓምፑን ሳያይ አይመለስም። "አባዮ፣ ደህና ነው?" ይለኛል፤ በሶማሊኛ እህቴ ማለቱ ነው። ስለ ታመመ ዘመድ የሚጠይቅ ነው የሚመስለው።

ጉድጓዱ ከተቆፈረ ቆይቷል። ውሃው ከታች አለ፣ የሚያወጣው የለም። ሴቶቹ ጎህ ሳይቀድ አህያ እየነዱ ይሄዳሉ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ይመለሳሉ። የሮብሌ ልጅ በስምንት ወር እርግዝናዋ ትሄዳለች። ሣጥኑን ከፍቼ አሳየሁት። ግራጫዋን የብረት ሣጥን፣ ኮንትሮለሯን፣ በመዳፉ ዳሰሳት። "ጭንቅላቱ ይሄ ነው አይደል?" አለኝ። አዎ፣ ያለሱ ፓምፑ አይነሳም፤ ቢጠፋ ሌላ ከውጭ እስኪመጣ ወራት ይፈጃል አልኩት። እኔው ራሴ፣ በገዛ አፌ።

ከዚያ ሐናን በታብሌቷ ፓምፑ ሲገጠም ምን እንደሚመስል አሳየችው። ውሃው ከቧንቧው ሲወርድ አየ። ሁለት እጁን ዘርግቶ መረቃት። እሷን! ሦስት ሳምንት ሣጥኑን ስጠብቅ የነበርኩት እኔ፣ አቧራውን የጠረግኩት እኔ፣ ምርቃቱ ለሷ።

አሁን የምጽፈውን ለታደሰም አልነገርኩትም።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ሲወጣ እኔ መዝገብ ላሟላ ብዬ ቀረሁ። ሰባት ሰዓት ገደማ መብራት ሄደ። የካሜራዎቹ ቀይ መብራት ጠፋ። ጋሽ ሙሜ ከውጭ ጥላው ሥር ጫቱን ይዞ ተጋድሟል። ኮንትሮለሯን አወጣሁ። በጆንያ ጠቀለልኳት፣ በአባቴ አተሳሰር አሰርኳት፣ ጥግ ያለው የቁርጥራጭ በርሜል ውስጥ ከተቃጠሉት ሞተሮች ሥር ከተትኳት። የፓምፑን ሣጥን እንደነበረ ዘጋሁት።

ከሌባ ለመጠበቅ ነው አልኩ ለራሴ። ውሸት። እዚህ ላይ እንኳን ካልዋሸሁ፣ የፈለግኩት ይህን ነው፦ ቅዳሜ ጠዋት ሐጂ ቆመው፣ ሮብሌ ቆሞ፣ መኪናው ተነስቶ ሊሄድ ሲል እሷ ታጣዋለች። ታብሌቷን ትነካካለች፣ ላብ ያጠምቃታል። ያኔ እኔ ቀስ ብዬ ወደ ጥጉ እሄድና ይዤው እመጣለሁ። "ማሻአላህ" ያኔ የኔ ናት።

ምሳዬን ዛሬ በደንብ በላሁ።


ሐሙስ፣ ግንቦት 7

ጉድ ሆንኩ።

ጠዋት ጎረቤት ለቅሶ ነበር፣ ቀብር ሳልደርስ አልቀርም ብዬ አስፈቅጄ አረፈድኩ። አምስት ሰዓት ላይ ስገባ መጋዘኑ በረኪና በረኪና ይሸታል። ጥጉ ተጠርጓል። ወለሉ ታጥቧል። በርሜሉ የለም።

ሐናን እየሮጠች መጣች፣ ፊቷ በርቷል። "እትዬ ጽጌ፣ አየሽው?" ለአይጥ መደበቂያ፣ ለእሳት ምክንያት ነው ብላ ሐጂን አስፈቅዳ ሁሉንም ለአሮጌ ብረት ገዢው ለቁራሌው ሸጣዋለች። በአህያ ጋሪ ጭኖት ከሄደ ሁለት ሰዓት ሆኖታል። "ደግሞ አንቺ ሁልጊዜ በዚያ በኩል ስትሻገሪ ወገቤን ወገቤን ትዪ ነበር። አሁን ቀጥ ብለሽ ታልፊያለሽ" አለችኝ።

ለኔ ብላ ነው! 

"ውስጡን አይተሽዋል?" አልኳት። "የተቃጠለ ሞተር ነው። አንቺ ራስሽ እኮ በርሜሉ ላይ 'የማይረባ' ብለሽ ጽፈሽበታል።" አዎ፣ ጽፌበታለሁ። ማንም እንዳይነካው ብዬ።

ጋሽ ሙሜን የቱ ቁራሌ እንደሆነ በወሬ አስመስዬ ጠየቅኩት። ቀፊራ ገበያ ጀርባ ግቢ ያለው ሙክታር ነው አለኝ። ራሴን አሞኛል ብዬ ወጣሁ፣ ባጃጅ ያዝኩ። ስደርስ ስድስት ሰዓት አልፏል። በሩን ደበደብኩት። አንዲት ሴት ከውስጥ ሆና "በርጫ ላይ ናቸው፣ አስር ሰዓት ነይ" ብላ ጮኸችብኝ። ነገሩ አስቸኳይ ነው ብላት "ሰው ሞተ?" አለችኝ። አልሞተም አልኳት። "እንግዲያው አስር ሰዓት" አለች። አስር ሰዓት ተመልሼ ሄድኩ፤ ሙክታር ብረት ሊያመጣ ሐርላ ወጥቷል፣ ነገ ከጁምዓ በኋላ ይገኛል ተባልኩ። ግቢው ተቆልፏል። በቆርቆሮው ቀዳዳ አጮልቄ ሳይ የብረት ክምር ብቻ ነው የሚታየው።

ለሐናን ልነግራት ሁለት ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ብትጮህብኝ አልፈራም። "አይዞሽ እትዬ ጽጌ" ብትለኝ ነው የምሞተው።


አርብ፣ ግንቦት 8

መሽቷል፣ ደክሞኛል። ቢሆንም ሁሉንም ልጻፈው።

ሐናን ጠዋት ቆጠራ ጀመረች። "ነገ እንዳንቸኩል" ብላ። የፓምፑን ሣጥን ከፈተች። ፊቷ እንደ አመድ ሆነ። መደርደሪያውን ሦስት ጊዜ ገለበጠችው። ካሜራውን አየች፤ ረቡዕ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት መብራት ስላልነበረ ምንም የለም። ሐጂ ተጠሩ።

ሐጂ አልጮሁም፣ የሚያስፈራውም ይኸው ነው። ወደ ጋሽ ሙሜ ዞረው "ረቡዕ በዚያ ሰዓት በር ላይ ማን ነበር?" አሉ። እሱ ነበር። "ተኝተህ ነበር?" አሉት። ሸለብ አድርጎኝ ይሆናል አለ፣ ወላሂ ሰው ሲገባ አላየሁም አለ። "ከሶላት ስመለስ ፖሊስ እጠራለሁ" ብለው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ጋሽ ሙሜ ስልሳ አልፎታል። አስራ አራት ዓመት እዚያ በር ላይ ተቀምጧል። ዱላውን ይዞ ቁጭ አለ፤ ጫቱን ያልነካበት አርብ አይቼ አላውቅም፣ ዛሬ አልነካውም።

ያኔ ሐናን ተናገረች። "ሐጂ፣ ጋሽ ሙሜን ይተዉት። ዕቃውን የተረከብኩት እኔ ነኝ፣ የምጠየቀውም እኔ ነኝ።"

እዚያው ቆሜ ነበር። ምን ተሰማኝ? ሐፍረት ቢሰማኝ ደግ ነበር። መጀመሪያ የተሰማኝ ቅናት ነው። ይህንን ቃል እንኳን ቀደመችኝ! የኔን ጥፋት ተሸክማ እንኳን ከኔ በልጣ ቆመች። ራሴን የጠላሁት ያኔ ነው።

ሐጂ እንደወጡ ወደ ጓሮ ጠራኋት።

"ሐናን፣ የወሰድኩት እኔ ነኝ። በርሜሉ ውስጥ ደብቄው ነበር። ቁራሌው ይዞት ሄዷል።"

ጠጋ አለችኝ። "ለምን?"

"ቀንቼብሽ።"

የሆነ ሰበብ ልጨምር ነበር፣ አባቴን ላነሳ ነበር። ቃሉ ግን አንዴ ከወጣ በኋላ የሚጨመር ነገር አጣሁ። ዓይኗ ሞላ፤ ከዚያ ተቆጣች። እንዲህ ስትቆጣ አይቻት አላውቅም። "ጋሽ ሙሜ ጣቢያ ሊሄድ ነው እኮ! ሽማግሌ ሰውዬ! አንቺ ቆመሽ ታያለሽ?" አለችኝ።  ታብሌቷን ጠረጴዛው ላይ ወርውራ "ተነሺ፣ ባጃጅ ጥሪ" አለች።

ባጃጁ ውስጥ ሁለታችንም ውጪ ውጪውን ስናይ ነበር። ቀፊራ ልንደርስ ስንል ነው የተናገረችው። "እኔም እቀናብሻለሁ። ሰው ዕቃ ሲጠፋው አንቺን ነው የሚጠራው። እኔ ታብሌቱን እስክከፍት አንቺ ዕቃውን ይዘሽ ትመጫለሽ። የት የት እንደምታስቀምጪ ነግረሽኝ አታውቂም።"  መሀረቤን ሰጠኋት፣ ላቧን ጠረገችበት።

ሙክታር አለ። ግን በርጫ ላይ ነው፤ ስምንት ሰዓት ነው፣ አርብ ነው። የትናንቷ ሴትዮ በሩ ላይ ቆማ "አስር ሰዓት!" አለች። ሐናን በኦሮምኛ ጀመረች፣ ወደ ሶማሊኛ ዞረች፣ መሃል ላይ ሳቅ ጨመረች፤ ሴትዮዋ በሩን ለቀቀችልን። ያንን ምላሷን ዛሬ ብቻ አልተመቀኘሁትም። እሺ፣ ትንሽ።

ክፍሉ ውስጥ ስድስት ሰዎች ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሐናን ስለ በርሜሉ ጠየቀች። ሙክታር ጉንጩን እንደወጠረ፣ ብረቱ ጓሮ ተደፍቷል፣ ነገ የጭነት መኪና ሲመጣ ይሄዳል፣ አሁን ግን ማንም አይነሳም፣ ቁጭ በሉ አለ። ሐናን ልትለምነው ስትጠጋ እኔ ሰዎቹን አንድ በአንድ እያየሁ ነበር። ጥግ ላይ አንድ ወፍራም ሰውዬ ክንዱን በአንድ ነገር ላይ ተደግፎ በሰፊው ተቀምጧል። የተደገፈው በጆንያ የተጠቀለለ ነገር ነው። ጆንያው ሦስቴ ታጥፎ ታስሯል።

የአባቴ አተሳሰር!

"ክንድህን አንሳ!" አልኩት። ሰውዬው ደነገጠ፣ ጫቱ ከጭኑ ተበተነ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ተንበርክኬ ጆንያውን አቀፍኩት። ሙክታር ትናንት ሲገለብጠው ለመደገፊያ ልክ ነው ብሎ ለጓደኛው ሰጥቶት ኖሯል።

ሙክታር የኔ ነው፣ በደንብ ገዝቻለሁ ሊል ጀመረው። ሐናን የጀልዴሳ ውሃ መሆኑን ነገረችው። ጫቱን አስቀመጠ። "እናቴ የዚያ ሰው ናት" አለ በመጨረሻ። "ውሰዱት። ግን ለዚህ ሰውዬ ትራስ አምጡለት።" ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ፣ እያለቀስኩ።

መንገድ ላይ ሐናን "ለሐጂ ከመደርደሪያ ጀርባ ወድቆ አገኘነው እንበላቸው?" አለችኝ። አቤት፣ እንዴት እሺ ልላት ፈልጌ ነበር! አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ጋሽ ሙሜ ዱላውን ይዞ የተቀመጠው ትዝ አለኝና "የለም፣ እኔ እነግራቸዋለሁ" አልኩ። ለጊዜው ፖሊስ እንዳይጠሩ ሐናን ደውላ ዕቃው መገኘቱን ብቻ ነገረቻቸው።


ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

ነገርኳቸው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ጋሽ ሙሜም ቆሞ እየሰማ። ሐጂ መቁጠሪያቸውን እያሽከረከሩ አንድም ጊዜ አላቋረጡኝም። ስጨርስ "ቁልፉን አምጪ" አሉ።

ከአንገቴ አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። የሐናንንም ጠየቁ። ሁለቱንም ኪሳቸው ከተቱ።

ቴክኒሻኑ ኮንትሮለሯን ግቢው ውስጥ ከፓኔሉ ጋር አገናኝቶ ሞከራት።  አረንጓዴ መብራት በራ። ሮብሌ ምን እንደተፈጠረ አያውቅም፤ "አባዮ፣ ለምን ታለቅሻለሽ?" አለኝ። ፀሐይ ነው አልኩት። አይሱዙው ጭኖ ወጣ።

ጋሽ ሙሜን ትከሻውን ሳምኩት። "አብሽሪ" ብቻ አለኝ። ቆይቶ ደግሞ፣ "እኔ ግን አንቺ ትሆኛለሽ ብዬ አስቤ አላውቅም" አለ። ከፖሊስ ፍርሃቱም፣ ከሐጂም፣ ከሁሉም ይህች አቃጠለችኝ።

ሐጂ ሲወጡ "ሰኞ ኑ" አሉን። ኑ ነው ያሉት። ለሥራ ይሁን ለስንብት አልተናገሩም።


እሁድ፣ ግንቦት 10

እጄ ዝም ብሎ አንገቴ ላይ ይሄዳል። ቁልፍ የለም። ታደሰ አይቶኝ ዛሬ ምሳውን ራሱ ሠራ። እንቁላሉን አሳረረው። በላሁለት።

ስምንት ሰዓት ላይ ሮብሌ ደወለ። "አባዮ፣ ስሚ!" ብሎ ስልኩን ወደ አንድ ነገር አስጠጋው። መጀመሪያ ጫጫታ መሰለኝ። ውሃ ነበር። ሴቶች ይጮሃሉ፣ አህያ ታናፋለች፣ ውሃው ይወርዳል። ልጄም እዚህ ቆማለች፣ ጄሪካኗን እየሞላች ነው አለኝ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ እስኪቋረጥ ሰማሁት።

ከዚያ ለሐናን ደወልኩላት፣ ላበስራት። "አዎ፣ ቅድም ደወለልኝ" አለችኝ።

ቅድም! እኔን ሁለተኛ ነው የደወለልኝ። ስልኩን ዘግቼ ለብቻዬ ሳቅኩ። ሳቁ ውስጥ ትንሽ ንዴት አልጠፋም።


ሰኞ፣ ግንቦት 11

አንድ ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ደረስኩ። ዋናው በር ላይ ሁለት ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። አንዱ አሮጌው ነው፣ አንዱ አዲስ። ሐጂ መጥተው ቆመዋል። የአሮጌውን ቁልፍ ለኔ ሰጡኝ። "አዲሱን ሐናን ይዛዋለች፣ ትናንት ቤቷ ልኬላታለሁ። አንዳችሁ ያለ አንዳችሁ ይህን በር አትከፍቱም" አሉ። ትንሽ ዞር ብለው ደግሞ፣ "አንቺም የደበቅሽውን ሁሉ ለልጅቷ ታሳያለሽ። እሷም ሳትጠይቅሽ አንድ ቁራጭ ብረት አታስወጣም" አሉኝ። ቅጣት ይሁን ምሕረት ፊታቸው ላይ አልተጻፈም። መኪናቸው ውስጥ ገብተው ሄዱ።

የኔን ከፈትኩ። በሩ አልተነቃነቀም። ሐናን የለችም።

ሩብ ሰዓት ቆምኩ። ሁለት ደንበኛ መጥቶ እኔኑ አየ፣ እኔም በሩን አየሁ። ፀሐዩ ጀመረ። ትቅር እያልኩ ሳምንት የከረምኩባት ልጅ ዛሬ ባትመጣስ ብዬ ፈራሁ። አዳማ ብትመለስስ? ማን ከኔ ጋር ይሠራል ብትልስ? የባጃጅ ድምፅ በተሰማ ቁጥር አንገቴን ሳወጣ ጋሽ ሙሜ ከጥላው ሥር ሆኖ እየሳቀብኝ ነበር። ከቅዳሜ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ገና አሁን ነው፣ ይሳቅብኝ።

መጣች። ላብ በላብ ሆና፣ በአንድ እጇ አንድ ትልቅ ትራስ ታቅፋ። "ለሙክታር ጓደኛ ነው፣ ቃል ገብተን የለም?" አለች። እንዴት እንደረሳሁት! እሱንም እሷ አስታወሰች።

አዲሱ ጓጉንቸር ገና ቁልፉን ስታስገባው ቀጭ ብሎ ተከፈተ። የኔን ለመክፈት ስታገል ምን ያህል እንደቆየሁ ጋሽ ሙሜ አይቷል። አሮጌ ነው፣ ዝገት ይዞታል።

ነገ ዘይት ይዤ እሄዳለሁ። ለኔው ብቻ ነበር ያሰብኩት። ለሷም አንድ ሁለት ጠብታ ልጨምርላት ይሆናል። እንግዲህ እንዳመጣጧ ነው።